«ስፓኒሽ እችላለሁ» ሲመዘን

በአሜሪካ የሥራ ማመልከቻ ቅጽ ላይ፣ ከስምና ከአድራሻው ዝቅ ብላ፣ ብዙ ጊዜ አንዲት አጭር ጥያቄ ትገኛለች፦ ከእንግሊዝኛ ሌላ የሚናገሩት ቋንቋ አለ? አመልካቹ «ስፓኒሽ» ብሎ ይጽፋል፤ ነገሩም በአብዛኛው እዚያው ያበቃል። ሰውየው ሥራ ሲጀምር ስሙ ስፓኒሽ ከሚችሉት ተርታ ይገባል፤ እንግሊዝኛ የማይችል ደንበኛ ወይም ታካሚ በመጣ ቁጥር ከያዘው ሥራ እየተነሳ ይጠራል። ስፓኒሹ ከሰላምታ አልፎ የብድር ውል ለማስረዳት ወይም የመድኃኒት አወሳሰድ ለመንገር ይበቃ እንደሆነ የጠየቀው የለም። በአገሪቱ ቤታቸው ውስጥ ስፓኒሽ የሚናገሩ ሰዎች ከ40 ሚሊዮን ይበልጣሉ። ሆስፒታሉም፣ ባንኩም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ፖሊስ ጣቢያውም ስፓኒሽ የሚችል ሰው ይፈልጋል። የሠራተኛን ስፓኒሽ፣ ከሌላ ባህል ከመጣ ሰው ጋር ተግባብቶ የመሥራት ብቃቱንም ጭምር መመዘን ራሱን የቻለ ሙያ የሆነው በዚህ የተነሳ ነው።

ምዘናው ሲጎድል ምን እንደሚከተል ለማሳየት የሙያው ሰዎች ደጋግመው የሚያነሱት በ1980 በፍሎሪዳ የደረሰውን ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። አንድ የ18 ዓመት ወጣት ራሱን ስቶ ሆስፒታል ገባ። ቤተሰቡ ከኩባ የመጣ ነው፤ ለሐኪሞቹ «ኢንቶክሲካዶ» ነው አሉ። ቃሉ በእነሱ ስፓኒሽ የበላው ወይም የጠጣው ነገር ያልተስማማው ሰው ማለት ነው፤ የጠረጠሩት ምግብ ተመርዟል ብለው ነበር። እንግሊዝኛ ውስጥ ግን በድምፅ ቁርጥ የሚመስለው ቃል አለ፤ ትርጉሙ የሰከረ ወይም በዕፅ የደነዘዘ ነው። ወጣቱ ከመጠን በላይ ዕፅ እንደወሰደ ሰው ታከመ። አንጎሉ ውስጥ ደም እየፈሰሰ መሆኑ እስኪታወቅ ከሁለት ቀን በላይ ሄደ፤ እጅና እግሩም ሽባ ሆኖ ቀረ። በመጨረሻ የተስማሙበት ካሣ፣ በዕድሜው ልክ ሲሰላ፣ 71 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። አስተርጓሚ አልተጠራም። ያልተጠራውም ሰው ጠፍቶ ሳይሆን ሁሉም የተግባባ ስለመሰለው ነው፤ ትንሽ ቋንቋ አደገኛ የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው። ምንም ያልገባው ሰው አስተርጓሚ ይፈልጋል፤ ግማሹ የገባው ግን አይፈልግም።

ሕጉ ነገሩን ለአሠሪው በጎ ፈቃድ አልተወውም። በ1964 የወጣው የዜጎች መብት ሕግ የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኝ ተቋም ሰውን በትውልድ አገሩ ምክንያት ከአገልግሎት እንዳያገል ይከለክላል፤ ቋንቋ ሳይገባው አገልግሎት የቀረበት ሰውም ከዚሁ ይቆጠራል ተብሎ ሲሠራበት ኖሯል። በ2000 ፕሬዚዳንት ክሊንተን ይህንኑ የሚያጠናክር ትዕዛዝ አወጡ፤ በመጋቢት 2025 እንግሊዝኛን የመንግሥት ቋንቋ ያደረገው የፕሬዚዳንት ትራምፕ ትዕዛዝ ሻረው። ዋናው ሕግ ግን ባለበት ነው። ለጤና ተቋማት ደግሞ በ2010 ከወጣው የጤና መድን ሕግ የሚመነጭ ደንብ አለ፤ «ብቁ የሁለት ቋንቋ ሠራተኛ» ማን እንደሆነም ይተረጉማል። ሁለቱንም ቋንቋ በደንብ የሚናገርና የሚሰማ፣ ሥራው የሚጠይቀውን የሙያ ቃላት የሚያውቅ፣ ባለጉዳዩን በቋንቋው በቀጥታ፣ በትክክልና ያለ አድልዎ የሚያነጋግር ሰው ነው። በራሱ ምስክርነት ብቻ ይህን ማሟላቱን ማረጋገጥ የሚችል ሠራተኛ የለም።

የመለኪያው ታሪክ የሚጀምረው ከዲፕሎማቶች ነው። በ1952፣ የኮሪያ ጦርነት ገና ሳያበቃ፣ የአሜሪካ መንግሥት የትኛው ሠራተኛው የትኛውን ቋንቋ እንደሚችል መዝግቦ ለመያዝ ተነሳ። መዝገብ አልነበረም፤ መዝገቡን የሚሞሉበት መለኪያም አልነበረም። አንዱ «ፈረንሳይኛ ጥሩ ነው» ሲል ሌላው ደግሞ «መካከለኛ» ይላል፤ የአንዱ መካከለኛ ከሌላው ጥሩ ይበልጥ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ከዚያ በኋላ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ማሠልጠኛ ተቋም ከዜሮ እስከ 5 የሚደርስ መለኪያ አወጣ፤ መለኪያው ተሻሽሎ ዛሬም የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በጋራ ይሠሩበታል። 2 ያገኘ ሰው የዕለት ጉዳዩንና የተወሰነ ሥራውን ያከናውናል፤ 3 ያገኘ በሙያው ስብሰባ ተቀምጦ ይከራከራል፤ 5 የተማረ የቋንቋው ተወላጅ ልክ ነው። ይኸው ተቋም አንድ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ስፓኒሽን 3 ላይ ለማድረስ 30 ሳምንት ገደማ የሙሉ ጊዜ ትምህርት ይመድባል፤ ለአማርኛ የሚመድበው 44 ሳምንት ነው። በ1986 የውጭ ቋንቋ መምህራን ምክር ቤት የሆነው አክትፍል ሐሳቡን ወደ ሲቪሉ ዓለም አወጣውና ከጀማሪ ተነስቶ በመካከለኛና በከፍተኛ በኩል ወደ ላቀ የሚሄድ የራሱን እርከን ሠራ። ብዙ የግል ኩባንያዎች ሠራተኛቸውን የሚያስፈትኑት በዚህ እርከን ነው።

ፈተናው ንግግር ነው። በአብዛኛው በስልክ ይካሄዳል፤ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም፤ ይቀዳል። ፈታኙ በቀላሉ ይጀምራል፦ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ሰፈር፣ ስለ ሥራ። ተፈታኙ ዘና ሲል ጥያቄው ዳገት ይዞ ይወጣል። ሰሞኑን ሥራ ላይ የገጠመዎትን አንድ ችግር ከመነሻው እስከ መድረሻው ይንገሩኝ ይላል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፦ ሰፈርዎ ያለው ጤና ጣቢያ ቢዘጋ ምን ይከተላል? ይዘጋ የሚሉት ሰዎችስ ምን ምክንያት አላቸው? መሀል ላይ ጨዋታ ይኖራል፤ ፈታኙ የተናደደ ደንበኛ ይሆንና ሠራተኛው እንዲያባብለው ይደረጋል። የሚፈለገው ሁለት ነገር ነው፦ ተፈታኙ ሳይንገዳገድ የሚቆምበት ወለልና ቋንቋው የሚከዳበት ጣሪያ። ጣሪያውን ለማግኘት እስኪሰናከል መግፋት ግድ ነው፤ ደህና ውጤት ያመጣ ሰው ሳይቀር «ወድቄያለሁ» እያለ የሚወጣው ለዚህ ነው። ቅጂውን ሌላ መዛኝ ለብቻው ሰምቶ የራሱን ደረጃ ይሰጣል፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ሦስተኛ ይጨመራል።

መዛኙ ጆሮውን የሚጥልበት ቦታ ለሌላ ሰው ጥቃቅን ሊመስል ይችላል። ስፓኒሽ ያለፈን ነገር የሚናገርበት ሁለት ዋና መንገድ አለው። ታካሚዋ ስለ ክኒኗ «ቶሜ» ካለች አንድ ጊዜ ወስዳ ጨርሳለች፤ «ቶማባ» ካለች ትወስድ ነበር፣ የዘወትር ልማዷ ነበር። ልዩነቱን የማይሰማ ነርስ መዝገቡ ላይ ሌላ ታሪክ ይጽፋል። ከዚህም የጠበቀ አለ፦ «ቶሞ» የሚለው ቃል ጫናው መጀመሪያው ላይ ሲወድቅ «እወስዳለሁ» ነው፤ መጨረሻው ላይ ሲወድቅ «ወሰደ»። «ገና» ሲጠብቅና ሲላላ በዓልና ጊዜ እንደሚሆንበት አማርኛ ተናጋሪ፣ ይህ እንዴት አድርጎ ሰው እንደሚያሳስት ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ጽሑፍም ወጥመድ አለው። በእንግሊዝኛ «አንድ ጊዜ» ማለት የሆነውና በስፓኒሽ 11 ቁጥርን የሚያመለክተው ቃል በላቲን ፊደል አንድ ዓይነት ይጻፋሉ። የመድኃኒት ጠርሙስ ላይ «በቀን አንድ ጊዜ» የሚለው በእንግሊዝኛ ብቻ ከተለጠፈ፣ ስፓኒሽ ብቻ የሚያነብ ሰው በቀን 11 ሊያደርገው ይችላል።

ስፓኒሽ ደግሞ አንድ አይደለም። በ20 አገሮች የመንግሥት ቋንቋ ነው፤ በአፍሪካም ኢኳቶሪያል ጊኒ አለች። «ጉዋጉዋ» ለኩባና ለፖርቶ ሪኮ ሰው አውቶቡስ ነው፤ ለቺሊ ሰው ሕፃን። ስፔን ውስጥ «ኮንስቲፓዶ» የሆነ ሰው ጉንፋን ይዞታል፤ የእንግሊዝኛ ጆሮ ግን የሆድ ድርቀት ብሎ ይሰማዋል። ስፔን ውስጥ ማንም ቀኑን ሙሉ «ያዝ፣ ውሰድ» ለማለት የሚናገረውን ግስ ሜክሲኮ ወይም አርጀንቲና ላይ በሰው ፊት ያወጣ ያፍራል። ስለዚህ ማድሪድ የተማረ ሠራተኛ ቴክሳስ ላይ ከሜክሲኮ የመጡ ደንበኞችን የሚያስተናግድ ከሆነ ምዘናው የእነዚያን ሰዎች ስፓኒሽ መስማት መቻሉን ማየት ይኖርበታል። የስፔን መንግሥት በሴርቫንቴስ ተቋም በኩል የሚሰጠው ዴሌ የተባለው ዲፕሎማ በስድስት እርከን የተከፈለና ዓለም የተቀበለው ማስረጃ ነው፤ የአጠቃላይ ቋንቋ ማስረጃ እንጂ የአንድ የተለየ ሥራ ማስረጃ ግን አይደለም።

አክብሮት ሌላው መመዘኛ ነው። ስፓኒሽ «ቱ» እና «ኡስቴድ» አለው፤ «አንተ» እና «እርስዎ» ማለት ነው። አጠቃቀሙ ከአገር አገር ይለያያል፦ ስፔናዊ ቶሎ ወደ «ቱ» ይገባል፤ በቦጎታ አካባቢ የቅርብ ወዳጆችም በ«ኡስቴድ» ሲነጋገሩ ይሰማል፤ አርጀንቲናዊ ደግሞ «ቦስ» የሚል የራሱን ይዟል። ቋንቋውን ከአፕሊኬሽን ወይም ከትምህርት ቤት ጓደኛ የለመደ የ22 ዓመት ገንዘብ ከፋይ የሜክሲኮ አሮጊትን «ቱ» ብሎ ሲያነጋግር ሰዋስው አልጣሰም፤ ደንበኛዋን ግን «አንቺ» ብሏታል። ለዚህ ነጥብ የማይቀንስ ፈተና ለባንኩ መስኮት አይበጅም።

ከሁሉ ይልቅ አሠሪዎችን የሚያታልለው የስደተኛ ልጅ ስፓኒሽ ነው። አነጋገሩ ለስላሳ ነው፣ ዜማው የተወላጅ ነው፣ አይደነቃቀፍም። ራሱ ስፓኒሽ የማይችለው አለቃ የሚመዝነው በፍጥነቱና በዜማው ስለሆነ «ይሄማ ጥርት ያለ ነው» ብሎ ያሳልፈዋል። ልጁ ግን ቋንቋውን የተማረው ከእናቱ ጓዳ ነው፤ ትምህርቱን በሙሉ የተከታተለው በእንግሊዝኛ። አሜሪካ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ያደገ የኢትዮጵያውያን ልጅ «እራትህን ብላ» እና «እሰይ የኔ ጌታ» እያለ ያድግና «የሐሞት ጠጠር» ወይም «የዋስትና ውል» ሲባል እንደሚጠፋበት ማለት ነው። በአንጻሩ በጎልማሳነቱ የተማረ ሰው ዜማው ሊከብድ ይችላል፣ ለጆሮም አይጥምም ይሆናል፤ «የደም ግፊት»፣ «አለርጂ»፣ «የወለድ መጠን» ግን በትክክል ይላል። ጥሩ ምዘና ለሁለቱም ይበጃል፦ የመጀመሪያው የጎደለው የሙያ ቃል መሆኑን ለይቶ ያሳያል፤ ሁለተኛውን ደግሞ በአነጋገር ዜማው ብቻ ከመገፋት ያድነዋል። አነጋገርን ሰበብ አድርጎ ሰውን ከሥራ ማገድ በሕግም የሚያስጠይቅ ነው፤ ዜማው ሥራውን በእርግጥ የሚያደናቅፍ ካልሆነ በስተቀር።

ቋንቋ መቻልና ማስተርጎም አንድ አይደሉም። ሁለት ቋንቋ የሚችል ነርስ ታካሚውን ራሱ በስፓኒሽ ሊያነጋግር ይችላል፤ በሐኪምና በታካሚ መሀል ቆሞ የአንዱን ቃል ለሌላው ማቀበል ግን የማስታወስ ችሎታና ፍጥነት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የራስን ሐሳብ ዋጥ ማድረግ የሚጠይቅ ሌላ ሙያ ነው። በ2003 ፔዲያትሪክስ በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት በአንድ የሕፃናት ክሊኒክ የተቀዱ 13 የስፓኒሽ ምርመራዎችን ቃል በቃል መረመረ። 396 የትርጉም ስህተት ተገኘ፤ በአንድ ምርመራ 31 ገደማ መሆኑ ነው። ከመቶ 63ቱ በሕክምናው ላይ ጉዳት ሊያስከትሉ የሚችሉ ነበሩ። ፊት ላይ ለወጣ ሽፍታ የታዘዘው ቅባት መላ ሰውነት ይቀባ ተብሎ ተነገረ፤ ጆሮው ለታመመ ሕፃን የታዘዘው የሚዋጥ አሞክሲሲሊን ሁለቱም ጆሮ ውስጥ ይጨመር ተባለ፤ መድኃኒት የማይስማማው መሆን አለመሆኑን የሚጠይቀው ጥያቄ ጭራሽ ተዘለለ። ጉዳት የሚያመጣው ስህተት በሆስፒታሉ አስተርጓሚዎች ዘንድ ከመቶ 53 ሲሆን፣ በአጋጣሚ በተጠሩት ዘንድ 77 ነበር። የጤናው ደንብ ከድንገተኛ አደጋ በቀር ልጅን ለወላጁ አስተርጓሚ ማድረግ የሚከለክለው በከንቱ አይደለም። አባቱን ወይም አያቱን ሐኪም ፊት ቀርቦ ያስተረጎመ የዲያስፖራ ልጅ፣ ስለ ሽንት ቧንቧ የተጠየቀውን በሐፍረት እንዴት እንዳሳጠረው ያስታውሳል። ጥብቁን ፈተና የያዘው ፍርድ ቤት ነው፤ በ1978 በወጣው ሕግ መሠረት የፌዴራል ፍርድ ቤቶች የስፓኒሽ አስተርጓሚዎቻቸውን በጽሑፍና በቃል ፈትነው ያረጋግጣሉ።

እንግዲህ ሁሉን ሠራተኛ በዚህ ልክ መፈተን ገንዘብ ማባከን ነው። አስተዋይ ተቋም ከፈተናው በፊት ሥራውን ያጠናል። የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛዋ በስፓኒሽ የምታደርገው ምንድን ነው? ቀጠሮ ትይዛለች፣ ስም ትመዘግባለች፣ መንገድ ታመለክታለች። ለዚህ መካከለኛ እርከን ይበቃል። የስልክ ማዕከል ሠራተኛ ግን ከማያየው ሰው ጋር ስለ ሂሳብ ክፍያ ይከራከራል፤ እጅ ማወናጨፍ አይረዳውም፣ ከፍተኛውን እርከን ይሻል። ኢሜይል የሚመልሰው ደግሞ የሚፈተነው በመጻፍ ነው፤ በስልክ አቀላጥፎ የሚያወራ ሰው ደብዳቤ ላይ የፊደል ጫና ምልክቱን ሁሉ ጥሎ ሊገኝ ይችላል። ጥሩው ምዘና እውነተኛዋን ቅጽ፣ እውነተኛዋን ቅሬታ፣ እውነተኛዋን ስልክ ተፈታኙ ፊት ያቀርባል። የብዙ ቀጣሪዎች ስህተት አንድ አጠቃላይ ፈተና ገዝተው ለዘበኛውም ለነርሷም እኩል ማደላቸው ነው።

ባህልን መመዘን ከቋንቋው ይከብዳል፤ እዚህ ላይ መለኪያዎቹም ስስ ናቸው። በ1989 ቴሪ ክሮስና ባልደረቦቹ ተቋማትን በስድስት ደረጃ ከፍለው አሳዩ፤ ታችኛው የሌላውን ባህል የሚያጠፋ ነው፤ ላይኛው ደግሞ ከፍ አድርጎ የሚያከብር። የሚገርመው ሦስተኛው ነው። «እኛ ሁሉንም ሰው እኩል እናያለን፣ ልዩነት አናውቅም» የሚለው አቋም፣ ብዙ አለቃ የመጨረሻው ከፍታ የሚመስለው፣ የተቀመጠው መሀል ላይ ነው፤ ባህልን አለማየት ይባላል። ከዚያ ወዲህ የመጡት መጠይቆች፣ ለምሳሌ 50 ጥያቄ ያለው የባህላዊ ዕድገት መለኪያና 20 ጥያቄ ያለው የባህል ብልኅነት መለኪያ፣ ሠራተኛው ስለራሱ እንዲመልስ ያደርጋሉ። ለሥልጠና መነሻ ይጠቅማሉ። ሰው ስለራሱ ሲጠየቅ ግን፣ በተለይ ደመወዝ ሲንጠለጠልበት፣ ጨዋ ሆኖ ይገኛል።

ሥልጠናውም ራሱ ሊያሳስት ይችላል። ሁለት የኦክላንድ ሐኪሞች፣ ሜላኒ ቴርቫሎንና ጃን መሪ ጋርሲያ፣ በ1998 ባሳተሙት ጽሑፍ ያቀረቡት ታሪክ ይህን ያሳያል። ቀዶ ሕክምና የተደረገላት የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላት ታካሚ ታቃስታለች። ሌላ ሐኪም፣ እሱም የላቲን ዝርያ ያለው፣ በጣም አሟታል ይላል። ነርሷ ግን አልተቀበለችውም፤ ስለ ባህልና ሕክምና ትምህርት ወስዳለች፣ የእነዚህ ሰዎች ባህል ሕመምን አጋንኖ መግለጽ መሆኑን «ታውቃለች»። ኮርሱን ወስዳለች፤ የታካሚዋን ሕመም ግን አልሰማችም። ሐኪሞቹ ያቀረቡት አማራጭ ባህላዊ ትሕትና የሚል ስም ይዞ ቀርቷል፦ ባህሉን አውቄዋለሁ ከማለት ይልቅ ሰውየውን መጠየቅ።

ስለዚህ ባህላዊ ብቃትን በሥራ ላይ መመዘን ከተፈለገ የሚታየው ድርጊት ነው፤ ድርጊቱም ብዙ ጊዜ ከበዓልና ከምግብ ዕውቀት የራቀ ተራ ነገር ነው። ስፓኒሽ ተናጋሪ በአብዛኛው የአባቱንም የእናቱንም የቤተሰብ ስም ይይዛል። ጋብሪኤል ጋርሲያ ማርኬስን በ«ማርኬስ» የመዘገበ ሠራተኛ ፋይሉን ደግሞ አያገኘውም። የአባቱ ስም ለኢትዮጵያዊው «የቤተሰብ ስም» ሆኖ ሲመዘገብበት ከሚስቱ ጋር እንደማይገጥም የሚያውቅ ሁሉ ችግሩን ያውቀዋል። 05/04 ተብሎ የተጻፈ የልደት ቀን ለአሜሪካዊው ግንቦት አራት ነው፤ ለሆንዱራሱ ሚያዝያ አምስት። ከጓቴማላ የመጣ ገበሬ ከፊቱ ሲቀመጥ ወዲያው በስፓኒሽ የሚጀምር ሠራተኛም አንድ ነገር ረስቷል፦ ሰውየው አፉን የፈታው በማም ወይም በኪቼ ቋንቋ ሊሆን ይችላል፣ ስፓኒሽም ለእሱ ሁለተኛ ነው። «የትኛው ቋንቋ ይቀልዎታል?» ብሎ መጠየቁ ከስንት ሥልጠና ይበልጣል። መዛኙ ሠራተኛውን አጠገቡ ቆሞ ወይም በትወና ይከታተለዋል፤ የታዘዘውን ሁሉ «ሲ፣ ሲ» እያለ በአክብሮት የሚቀበል ታካሚ ሲገጥመው ምን ያደርጋል? ወረቀቱን አስፈርሞ ይሸኘዋል፣ ወይስ «ቤት ሲደርሱ ለባለቤትዎ እንዴት አድርገው ይነግሯታል?» ብሎ መልሶ እንዲያስረዳ ያደርገዋል? ሁለተኛውን ያደረገው አለፈ።

ምዘናው ከሠራተኛው ብዙ ሲጠይቅ በምላሹ የሚሰጠው ነገር መኖር አለበት። የአሜሪካ ጉምሩክና ድንበር ጥበቃ ፈተናውን አልፈው ቋንቋውን በሥራ ላይ ለሚጠቀሙ ሠራተኞቹ እስከ ደመወዛቸው 5 በመቶ የሚደርስ ጉርሻ ይከፍላል። ሌላ ቦታ ግን ስፓኒሽ የሚችለው ሠራተኛ የራሱን ሥራ እየሠራ የባልደረቦቹንም ያስተረጉማል፤ የሚከፈለው እኩል ነው፣ የሥራ አፈጻጸሙ ሲገመገም ግን «ፋይሎችህ ዘግይተዋል» ይባላል። በአሪዞና የቱሳን ፖሊስ የሂስፓኒክ ባልደረቦች ይህንኑ ቅሬታ ይዘው ፍርድ ቤት ሄደው በ1992 ተረቱ። ቅሬታው ግን አልጠፋም፤ ተጨማሪ ክፍያን ከፈተና ውጤት ጋር ያስተሳሰሩ መሥሪያ ቤቶችም አሉ።

ውጤቱ ከወጣ በኋላ ሠራተኛው ምን እንዲሠራ እንደተፈቀደለት በጽሑፍ ይቀመጣል። በአንዳንድ ሆስፒታል ይህ ደረት ላይ ከሚንጠለጠለው መታወቂያ ጋር ይለጠፋል፦ አንደኛው ምልክት ቀጠሮና መንገድ ለመንገር፣ ሌላው ስለ ሕመም ለመነጋገር። የመጀመሪያውን የያዘ ሠራተኛ ሐኪሙ «እስቲ ይሄን ንገራት» ቢለው ምልክቱን አሳይቶ እምቢ ማለት ይችላል፤ ሐኪሙም የስልክ አስተርጓሚ ይደውላል። አማርኛም ከዚህ ሥርዓት ውጭ አይደለም። በዋሽንግተን ዲሲ በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ የማይችሉ ነዋሪዎችን በቋንቋቸው እንዲያስተናግዱ ያስገድዳል፤ አማርኛም ከስፓኒሽ፣ ከቻይንኛና ከቬትናምኛ ጋር በከተማዋ የመንግሥት ወረቀቶች ላይ ይታያል። እዚያም በማመልከቻው የቋንቋ መስመር ላይ «አማርኛ እችላለሁ» ብሎ የጻፈ ሠራተኛም «የሐሞት ጠጠር» ይጠየቃል።